ልብ ሲደልቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፦ "ምንም የለብህም" ከተባሉ በኋላ

ታክሲው ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል። የኋላው ወንበር ላይ አራት ሰው ተጨናንቋል፤ ብርድ ይገባል ተብሎ መስኮቱ ተዘግቷል። ኡራኤል አካባቢ መንገዱ ቆመ። መሐል የተቀመጠችው ወጣት ስለ ምሳ እያሰበች ሳለ ልቧ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ከዚያ ይደልቅ ጀመር። ደረቷ ጠበበ፤ አየር የገባላት አልመስል አላት። መዳፏ በላብ ራሰ፣ ከንፈሯ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድ መሰላት፣ የረዳቱ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ሆነባት። በሆዷ "በቃ፣ ሞትኩ" አለች። "ወራጅ አለ!" ብላ ወረደች፣ አጥር ተደግፋ ቆመች፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እየለቀቃት ሄደ።

እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሣል፤ ደሙ ይታያል፤ "ምንም የለብህም" ይባላል። መልሱ ግማሹ እውነት ነው፤ ልቡ ጤነኛ ነው። ነገር ግን የሆነ ነገር ሆኗል። ያ ነገር ስም አለው፣ የሚነሣበትና የሚወርድበት መንገድ ይታወቃል፣ በሕክምናም በደንብ ይሻላል። ይህን የነገረው ሰው ስለሌለ ግን ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲንከራተት፣ አንዱን ልብ አምስት ጊዜ ሲያስመረምር፣ ቀስ በቀስም ታክሲ፣ ገበያ፣ ንግሥ፣ ለቅሶ ቤት እየቀረበት ዓመት ያልፋል። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ስቃይ የሚመጣው ከጥቃቱ ሳይሆን ጥቃቱን ካለማወቅ ነው።

ነገሩ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ ብዙው ሰው "ፓኒክ" ብቻ ይለዋል፣ "ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት" የሚሉትም አሉ። በድንገት ይነሣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥም ይወርዳል። ድካሙና የሰውነት መንቀጥቀጡ ግን ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መመሪያ 13 ምልክቶችን ይዘረዝራል፦ የልብ መደለቅ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመታነቅ ስሜት፣ የደረት ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ማቃጠል፣ መደንዘዝ፣ ዓለሙ ሁሉ ሕልም መምሰል፣ "ላብድ ነው" ማለት፣ "ልሞት ነው" ማለት። አራትና ከዚያ በላይ አንድ ላይ በድንገት ሲመጡ ፓኒክ አታክ ይባላል።

ሰውነት ምን እያደረገ ነው?

ማታ ከጓሮ ወጥተው ጅብ ቢገጥምዎት ሰውነትዎ ሳያማክርዎት ይነሣል። አንጎል ውስጥ አደጋን የምትጠብቅ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ እሷ ስትጮህ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ የሚደልቀው ለእግርና ለክንድ ጡንቻ ደም ለማድረስ ነው። ፊት የሚገረጣውና እጅ የሚቀዘቅዘው ደሙ ወደ ጡንቻ ስለሄደ ነው። ሆድ የሚገላበጠው የምግብ መፈጨት ለጊዜው ስለተቋረጠ፣ ላብ የሚመጣው ሊሮጥ የተዘጋጀ አካል እንዳይግል፣ መብራት ዓይን የሚወጋው የዓይን ብሌን ስለሰፋ ነው። ፓኒክ ማለት ጅቡ ሳይኖር የተነሣ ይኸው ዝግጅት ነው። ልብም ሳንባም የታዘዙትን በትክክል ሠርተዋል፤ ትእዛዙ ነው ያለ ጊዜው የመጣው።

ትንፋሹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው እሱ ነውና። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በፓኒክ ጊዜ ትንፋሹ ከዚህ ይፈጥናል ወይም በረጅሙ እየተሳበ ይሄዳል፤ እግር ግን አልሮጠም። ስለዚህ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሰውነት ከሚያመርተው በላይ እየጠረገ ያስወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፤ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሰውም ነገርም የራቀ ይመስላል። የደሙ አሲድነት ስለሚቀንስ በደም ውስጥ ለነርቭ የሚሠራው ካልሲየምም ይቀንሳል፤ ነርቮች ይቆጣሉ፤ ከንፈርና ጣት ይነዝራል።

ፈጣኑ ትንፋሽ ሳይቋረጥ ከቀጠለ እጅ ይቆልፋል። አንጓው ይታጠፋል፣ አራቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ይገጣጠማሉ፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል፤ ልክ ጉርሻ እንደያዘ እጅ ይሆናል። ሰውየው ልዘርጋው ቢል እምቢ ይለዋል። ይህን ያየ ቤተሰብ "ሽባ ሆነ" ወይም "ያዘው" ብሎ ይጮኻል፤ አንዱ ጣቱን በኃይል ይፈለቅቃል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ ጢሱን አፍንጫው ሥር ይይዛል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ትንፋሹ ሲረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይመለሳል፣ ጣቶቹም በደቂቃዎች ውስጥ በራሳቸው ይፈታሉ። የሚገርመው ሰውየው "አየር አጠረኝ" እያለ በሚጮህበት በዚያ ሰዓት ኦክስጅኑ ቢለካ ሙሉ ሆኖ መገኘቱ ነው። አየር ጨምሮ ለመሳብ በታገለ ቁጥር ማዞሩና መደንዘዙ የሚብስበትም ለዚህ ነው።

"ራሴን እስታለሁ" የሚለው ፍርሃትም ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ራስን መሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊት ድንገት ሲወርድ ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ግን ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል። ደም ወይም መርፌ ሲያዩ የሚወድቁ ሰዎች ሌላ ናቸው፤ የእነሱ ግፊት በእርግጥ ይወርዳል። ስለ ማበድም፦ ፓኒክ ወደ እብደት አይለወጥም።

ለምን ይመለሳል?

የመጀመሪያው ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከከባድ ወራት በኋላ ነው፦ ሐዘን፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የሥራ ጭንቀት፣ ስደት፣ ወሊድ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚጠራው ግን ፍርሃቱ ራሱ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ማብራሪያ እስካሁን የሕክምናው መሠረት ነው። ልብ ትንሽ ይመታል፤ ሰውየው "ይኸው፣ ሊያቆም ነው" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ አድሬናሊን ያስለቅቃል፤ ልብ ይበልጥ ይመታል፤ "አላልኩም?" ይላል። ክቡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይዞራል። አንድ ጊዜ ከደነገጠ በኋላ ጆሮው ወደ ውስጥ ይዞርና ድሮ ሳያስተውለው የሚያልፈውን ሁሉ መስማት ይጀምራል፦ ደረጃ ሲወጣ የልብ ምት፣ ሲነሣ ብዥ ማለት፣ ከቡና በኋላ የእጅ መንቀጥቀጥ። ከቆላ ወይም ከዓረብ አገር አዲስ አበባ የገባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሻንጣ ይዞ ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ ፍጹም ጤነኛ ነገር ነው፤ ፓኒክ ያገኘው ሰው ግን ይህንንም እንደ ማስጠንቀቂያ ይሰማዋል።

አንድ ጥቃት ማንንም ሊያገኝ ይችላል፤ በሽታ አይባልም። ጥቃቱ ያለ ምክንያት ሲደጋገም፣ ከዚያም ወር ወይም ከዚያ በላይ "መቼ ይመጣብኝ ይሆን" የሚል ሥጋት ወይም የሚሸሹት ቦታ ሲከተለው ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል። ይህ ስም ራሱን ችሎ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በአሜሪካ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአዋቂዎች 2.7 በመቶ ያህሉን እንደሚያገኝ ተለክቷል፤ ሴቶች ከወንዶች እጥፍ ገደማ ናቸው።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃም አለ። ከዱካክ ጋር እንዳይምታታ፦ ዱካክ ሲጫን ሰውነት አልንቀሳቀስ ይላል፣ ድምፅ አይወጣም፤ የሌሊት ፓኒክ ግን ከአልጋ አስነሥቶ መስኮት ያስከፍታል።

መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ በደንብ መመርመር

ፓኒክ ነው ከማለት በፊት የሚመስሉትን መለየት ግድ ነው። በአገራችን ቀድሞ የሚታሰበው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በሮችን ያበላሻል፣ ሃያ ዓመት ያልሞላውንም ያስለከልካል። ስለዚህ "ገና ወጣት ነህ፣ ጭንቀት ነው" ብሎ መሸኘት ስህተት ነው፤ ደረቱ በማዳመጫ መሰማት አለበት፣ ያልተለመደ ድምፅ ካለም የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ሁለተኛው ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞን መብዛት ነው፦ እየበሉ መክሳት፣ ሙቀት አለመቻል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴ እንቅርት፤ ቲኤስኤች በሚባለው የደም ምርመራ ይለያል። ደም ማነስ ሄሞግሎቢን በመለካት ይታወቃል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ በጥቃቱ ሰዓት ስኳርዎን ይለኩ፤ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም ልብ ያስመታል።

እነዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ከታዩና ደህና ከሆኑ እዚያ ላይ ማቆም የሕክምናው አካል ነው። በየወሩ የሚደገም ኢሲጂ ለሁለት ቀን ያረጋጋል፣ በሦስተኛው ቀን "ምናልባት አልታያቸው ይሆን" የሚለውን ሐሳብ ይመልሳል።

የሚከተሉት ሲኖሩ ግን "ፓኒክ ነው" ብሎ መቀመጥ የለም፦ ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ከብዶ ወደ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፤ ሥራ ሲሠሩ የሚመጣ ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይለቅ የቆየ ሕመም፤ በእርግጥ ራስን ስቶ መውደቅ፤ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መድከም፤ ደም ያለበት ሳል። ዕድሜዎ ከ40 በላይ ሆኖ ግፊት፣ ስኳር ወይም የማጨስ ልማድ ካለዎትም ለመጀመሪያው ጊዜ ሲመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998።

በመጣበት ሰዓት

መጀመሪያ ስሙን ይጥሩት፤ "ይሄ ፓኒክ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል" ይበሉና ሰዓትዎን ይዩ። ሰዓት ማየት ይጠቅማል፤ ሰው በፍርሃት ውስጥ ሦስት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ስለሚመስለው። መኪና እየነዱ ከሆነ ጠርዝ ይዘው፣ ፍሬቻ አብርተው ይቁሙ። ሌላ ቦታ ከሆኑ ባሉበት ይቆዩ።

ከዚያ አየር ከመሳብ ይልቅ በማውጣት ይጀምሩ። "በረጅሙ ተንፍስ!" የሚለው የተለመደ ምክር በዚህ ሰዓት ይጎዳል፤ ሰውየው የያዘውን ሳያወጣ በላዩ ይደርባል። በደረትዎ ያለውን አየር ቀስ አድርገው ያውጡ። አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ እስከ አራት እየቆጠሩ ትንሽ ብቻ ይሳቡ። ሳያቆዩ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ። ቆጠራው እንዳይፈጥን "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" እያሉ ነው። አንዱ ዙር 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ማለት ነው። አንድ እጅ እምብርት ላይ፣ አንዱ ደረት ላይ ይሁን፤ መነሣት ያለበት የሆዱ እጅ ነው፣ ትከሻ አይነሣም። አራትና ስድስት ከከበደ በሦስትና በአራት ይጀምሩ፤ ዋናው ነገር ማውጫው ከመሳቢያው መርዘሙ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቀጥሉ።

ይህ ያልተለማመዱት ሰው በጭንቅ ሰዓት አይመጣለትም። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ልብ ሰላም በሆነበት ሰዓት ይለማመዱት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ትንፋሹን ጥቃቱን ለመግደያ መሣሪያ ካደረጉት "ለምን አልሠራም?" የሚል ሌላ ድንጋጤ ይመጣል። የትንፋሹ ሥራ በእሳቱ ላይ ቤንዚን መጨመርዎን ማስቆም ነው፤ የተለቀቀው አድሬናሊን ግን በራሱ ጊዜ ይረግባል።

ዓይንና ጆሮን ወደ ውጭ መመለስም ይረዳል። የሱቅ ታፔላ ያንብቡ፤ የሚያልፉ መኪናዎችን ታርጋ ይቁጠሩ፤ የተቀመጡበትን ወንበር ጨርቅ በጣት ይዳስሱ፤ ሎሚ ወይም ጤና አዳም ካለ ያሽትቱ። ከዚያ ይሠሩት የነበረውን በቀስታ ይቀጥሉ።

በወረቀት ወይም በፌስታል ውስጥ መተንፈስ ቀርቷል። በተለይ ፌስታል ያፍናል፤ የመጣው አስም ወይም የልብ ሕመም ከሆነ ደግሞ ሕይወት ያሳጣል።

አጠገብ ላለ ሰው፦ ሕዝቡን በትኑ። አሥር ሰው ከቦ "ውኃ አምጡ! አራግቡለት!" ሲል አደጋ መኖሩን ነው የሚያረጋግጥለት። አንድ ሰው ብቻ ከዓይኑ ትይዩ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ድምፁን ቀንሶ "አይዞህ፣ አጠገብህ ነኝ። ከእኔ ጋር ቀስ ብለህ አውጣው" ይበልና ራሱ እየታየ በዝግታ ይተንፍስ። ውኃ ፊቱ ላይ አይደፋም። ጥያቄ አይበዛም። ሳያስፈቅዱ አቅፎ መያዝ መታፈኑን ያብሳል። "ጠንከር በል" እና "እምነት ስለጎደለህ ነው" የሚሉት ቃላት ከጥቃቱ በኋላም ውስጥ ይቆያሉ፤ እባካችሁ አትበሏቸው።

ቡና፣ ጫት፣ እንቅልፍ

ቡናን መንካት ከባድ ነው፤ ቡና መጠጫ ብቻ ስላልሆነ። ነገር ግን ካፌይን ፓኒክ ያለበትን ሰው ከሌላው አብልጦ ይነካል፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ አቦል ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። ግማሹ ከደም የሚወጣው በአማካይ በአምስት ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓትም ውስጥዎ ነው። በአንድ ቀን ማቋረጥ ለቀናት ራስ ምታትና መነጫነጭ ያመጣል፣ እሱም ፓኒክ ይመስላል። በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ይሻላል። ከቡናው ሥርዓት መቅረት የለብዎትም፤ አቦሉን አሳልፈው በረካዋን ብቻ ቁርስ ይዘው ይጠጡ። ኢነርጂ የሚባሉትን መጠጦች ግን ጨርሰው ይተዉ።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ከሰዓት ምርቃና፣ ማታ ለማውረድ ጨብሲ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት የሁለቱም ቅሪት፦ ይህ ዙር እየቀጠለ ፓኒክን ማከም በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። መጠጥ በዚያው ሰዓት ያረጋጋል፣ በማግስቱ ግን ነርቭን አስቆጥቶ ጥቃት ይጠራል። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት እንዳያቆም፤ ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታና የአእምሮ መቃወስ ሊያስከትል ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሁን።

ጾም ራሱ ፓኒክ አያመጣም። ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ቅዳሴ ለመቆም ሌሊት መነሣት፣ ሲፈታ ደግሞ በባዶ ሆድ ቡና፣ ሲደራረቡ ግን መንገድ ይጠርጋሉ። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ እንቅልፍንም ይመልሳል፤ ልብ ሲመታ ምንም እንደማይሆንም ሰውነትን ያስተምራል።

ፍርሃቱን መፍታት

የሚያድነው ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ብዙ ሰውም እዚህ ሳይደርስ ይቀራል። ከታክሲው መውረድ ወዲያው ያሳርፋል፣ አንጎል ግን "ከሞት የተረፍኩት ስለወረድኩ ነው" ብሎ ይመዘግባል። ከበር አጠገብ ካልሆነ አለመቀመጥ፣ ያለ ውኃ ጠርሙስ አለመውጣት፣ ቦርሳ ውስጥ ኪኒን መያዝ፣ ሰው ካልተከተለ አለመሄድ እንዲሁ ናቸው። ጥቃቱ በራሱ እንደሚወርድ ለማየት ዕድል አይሰጡም።

ፈውሱ በሁለት እጅ ይሠራል። አንዱ ምልክቱን ሆን ብሎ ማምጣት ነው። አፍንጫን ይዞ በቀጭን ስትሮ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ መተንፈስ የመታፈንን ስሜት ያመጣል። በቆሙበት ለአንድ ደቂቃ መሮጥ ልብን ያስመታል። በሚሽከረከር ወንበር ለአንድ ደቂቃ መዞር ራስን ያዞራል። ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከንፈርን ያደነዝዛል። ከእነዚህ ለእርስዎ በጣም የሚመስለውን ይምረጡ፣ ፍርሃትዎን ከ0 እስከ 100 ይጻፉ፣ ሳይቀመጡና ሳያረጋጉ ስሜቱ በራሱ ሲሄድ ይዩት፣ ፍርሃቱ ወደ 20 እስኪወርድ ድረስ በየቀኑ ይድገሙት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረውም።

ሁለተኛው የሸሹትን ቦታ በመሰላል መውጣት ነው። ለታክሲው ልጅ መሰላሉ ይህን ይመስላል፦ ሰው በማይበዛበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከእህቷ ጋር፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ ፌርማታ። ከዚያ ያንኑ ብቻዋን። ከዚያ ከ22 ማዞሪያ እስከ ስታዲየም፣ መሐል ወንበር ላይ። ከዚያ የኋላ ወንበር። ከዚያ ምሽት 12 ሰዓት፣ ሰልፍ ባለበት፣ መስኮቱ ተዘግቶ። መጨረሻ ላይ ያለ ውኃ ጠርሙስ። እያንዳንዱን ደረጃ ሦስት አራት ጊዜ። ከመሳፈሯ በፊት በደብተር "ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ?" ትጽፋለች፣ ስትወርድ "ሆነ ወይ?" ብላ ትመልሳለች። አንድ ሕግ አለ፦ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ እያለ አትወርድም። ካቃታት ቀጣዩን ታክሲ ይዛ በዚያው ቀን ትመለሳለች። በጣም የሚበላሸው ሰው ቸኩሎ ከመጀመሪያው ወደ ስድስተኛው ደረጃ ሲዘል ወይም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲሞክር ነው። ከባለሙያ ጋር የሚደረገው ይህ ሕክምና ሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና) ይባላል፤ በጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል።

መድኃኒት

በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ናቸው። ለፓኒክ የሚጀመሩት ከተለመደው ግማሽ መጠን ነው፤ ሰርትራሊን ከ25 ሚሊ ግራም፣ ፍሉኦክሰቲን ከ10። ምክንያቱ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሳምንት ራሳቸው መቅበጥበጥና እንቅልፍ ማጣት ስለሚያመጡ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው "ባሰብኝ" ብሎ በአምስተኛው ቀን ይጥላቸዋል። ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። ከ25 ዓመት በታች ያለ ሰው ሲጀምር ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወዲያው ለሐኪሙ ይናገር።

ዲያዜፓም፣ ብሮማዜፓምና አልፕራዞላም በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋጋሉ። ሱስ ያስይዛሉ፣ ከመጠጥ ጋር ትንፋሽ ያቆማሉ፣ "ኪኒኗ ናት ያዳነችኝ" የሚለውንም ያስተምራሉ። ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ገዝቶ ወይም ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ ከፓኒክ የከፋ ችግር መጀመሪያ ነው። ለልብ ምት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ወዴት ይኬዳል? ምን ይባላል?

በአዲስ አበባ "አማኑኤል ሄደ" የሚለው ቃል ራሱ ሰውን ያስፈራል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለፓኒክም ያክማል፤ ስሙ ከከበደዎት ግን ጳውሎስና ዘውዲቱ፣ ጎንደርና ጅማ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። በጤና ጣቢያ ጀምሮ ሪፈር ማጻፍም ይቻላል።

ሐኪሙ ፊት "ልቤን ያመኛል" ብቻ ካሉ እንደገና ወደ ኢሲጂ ነው የሚላኩት። ውጭ አገር ደግሞ አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ስለሚያደርሰው ይብሳል። እንዲህ ይበሉ፦ "በድንገት ይመጣብኛል፣ ልሞት ነው እላለሁ፣ በ15 ደቂቃ ይለቀኛል፣ በዚህ ወር አራት ጊዜ መጣብኝ፣ ልቤ ተመርምሮ ደህና ተብሏል፣ አሁን ታክሲ መሳፈር ፈርቻለሁ።" ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት የጠጡትን የጻፉበት ወረቀት ቢይዙ አንድ ቀጠሮ ይቆጥብልዎታል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ ይጠየቃል፤ ልጅን ለማስተርጎም አለመጠቀም ይመረጣል፣ ወላጅ ልጁ ፊት "ልሞት ነው እላለሁ" አይልምና። በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ የሆነች እህት፣ በሩ ተቆልፎባት የምትኖር ከሆነ፣ ፍርሃቷ ሁሉ ፓኒክ አይደለም፤ ከፊሉ እውነተኛ አደጋ ነው፣ መፍትሔውም ከትንፋሽ ልምምድ በፊት ከዚያ ቤት መውጣት ነው።

ጸበል የሚጠመቅ ሰው መጠመቁን ይቀጥል፤ መድኃኒቱና ጸበሉ አይጣሉም። ጉዳት የሚመጣው መድኃኒቱን ጥሎ የሄደ እንደሆነ ነው፣ በተለይ በድንገት ካቋረጠው።

ለወራት ጠፍቶ የነበረው ጥቃት ለቅሶ ከደረሰ በኋላ፣ ሕፃን ታሞ ሌሊቱን ካደሩ በኋላ ወይም መድኃኒት በቀነሰ ወር ተመልሶ ብቅ ሊል ይችላል። ከዜሮ አልጀመሩም፤ ደብተሩ አለ፣ መሰላሉም የተወጣ ነው። ያኔ አዲስ ኢሲጂ ከመነሣት ይልቅ ስትሮውን ያውጡ፣ ትንፋሹን ጠዋትና ማታ ይመልሱ፣ በዚያው ሳምንትም ታክሲ ይሳፈሩ፤ የኋላው ወንበር ካስፈራ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ ፌርማታ።